የጂጂ ካሴት ቶኪዮ ድረስ ተከትሎኝ መጣ

ካትሱሺካ፣ ቶኪዮ

ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣

እናታችን እንዴት ናት? ልጆቹስ? ከብቱስ? የርብ ወንዝ ዘንድሮ ሩዙን አጥለቀለቀው ወይስ አደብ ገዝቶ በመንገዱ ሄደ?

የብሩን ነገር በስልክ ጨርሰናልና አይስጉ። ይህን የምጽፍልዎ በዘፋኟ በጂጂ ምክንያት ነው።

ያ በስሟ የወጣው አልበም ትዝ ይልዎታል? በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 የወጣው። ተቀድቶ ወረታ የደረሰ ጊዜ ሱቅዎ ውስጥ ቁጭ ብለን ከፈትነው። መጀመሪያ የሚመጣው «ጉድ ፈላ» ነው። እርስዎም ግማሹን ሳይሰሙ «ስሙንስ በትክክል አውጥታለታለች» ብለው ቴፑን ድርግም አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ካሴቱ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ታሰረ። «የቻግኒን የመሰለ አገር ልጅ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዛ፣ ፈረንጅ የወፍጮ ሞተር አስነሣባት» ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ታዲያ ያ ፍርድ እዚህም ይግባኝ ተጠይቆበታል። በቶኪዮ ያለን አበሾች ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚሁ በካትሱሺካ ነው። እሑድ እሑድ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና እናፈላለን። ዕጣን ስናጨስ ጣራው ላይ የተሰካችው ጢስ ጠቋሚ ስለምትጮህ፣ አንዱ ባለተራ ወንበር ላይ ቆሞ በካርቶን ያራግብላታል። ክርክሩን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ይኸው ወንበር ላይ የቆመው ነው፤ ሌላ ሥራ የለውማ።

የእርስዎን ወገን የሚመራው አንድ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ሚዛኑ አንድ ብቻ ነው፦ ትከሻ ያነቃንቃል ወይስ አያነቃንቅም? ከዚሁ አልበም «ጉራማይሌ»ን ሲያደምጥ ትከሻውን በሁለት እጁ ይዞ «ይኸው፣ ሞቷል» ይላል። ለሱ የጂጂ ትክክለኛ ሥራ በ2003 «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል የቡድን ስም ያወጡት «ጽዮን ሩትስ» ነው፤ ባህላዊው መሣሪያ እዚያ ጎላ ብሎ ይሰማል። አቀናባሪው ግን ያንን የተጠላውንም አልበም ያቀናበረው ፈረንጅ፣ ቢል ላስዌል፣ መሆኑን ስነግረው «እሱ ንስሐ ገብቶ ይሆናል» አለኝ።

በወዲያ በኩል ያለው የቻግኒ ልጅ ነው። እሱ ስለ ሙዚቃ አይከራከርም። ያገሩ ልጅ ናትና ከበሮ ብትመታም፣ ባትመታም፣ ዝም ብትልም ልክ ናት።

ሦስተኛው ወገን፣ ይሳቁብኝ፣ ጃፓናዊ ነው። ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ፣ ቤቱን በሸክላ የሞላ ሰው። ላስዌልን የሚያውቀው ከጂጂ በፊት ነው፤ የነሱ ዝነኛ ሪዩቺ ሳካሞቶ በ1987 ያወጣው «ኒዮ ጂዮ» ላይ እጁ አለበትና። ይህ ሰው አልበሙን ይወደዋል፤ ግን የበለጠ የሚወደው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የሚሉትን ነው። ላስዌል ያንኑ አልበም በ2003 መልሶ አፍርሶ፣ አርዝሞ፣ ባሱን አጉልቶ ሠርቶታል፤ የጂጂ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የደብረ ታቦሩ ልጅ አንዱን ዘፈን በትዕግሥት አዳምጦ «ይሄን የቀረጹት ውኃ ልትጠጣ ወጥታ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተርጉመንለት ጃፓኑ በጣም አዘነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ እሑድ ይኸው ጃፓናዊ «የአገራችሁ ሰው ለምን እንዲህ ይጨክናል? ጥንታዊ ዜማ ከአዲስ ድምፅ ጋር ቢገናኝ ምን ይጎዳል?» እያለ ሲሰብከን ቆየና፣ ያገሬን ነገር ጠየቀኝ። እኔም በኩራት ነገርኩት፦ ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ የናንተው የልማት ድርጅት ጃይካ ወረታ ካለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ጋር ሠርቷል አልኩት። ደስ አለው። ሩዙን ምን እንደምናደርገው ሲጠይቀኝ፣ እንፈጨዋለን፣ ከጤፍ ጋር አቡክተን እንጀራ እንጋግረዋለን፣ ጠላም ይጠመቅበታል፣ አረቄም ይወጣዋል አልኩት።

ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው ሲኒውን አስቀመጠ።

«ሩዝ? ይፈጫል?» አለ። አዎ አልኩት። «ከዚያ… ይቦካል?» ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እርስዎ ቴፑን ሲዘጉ ያየሁት ነው። «እናንተስ ሳኬውን ከምንድን ነው የምትጠምቁት?» ብዬ ስጠይቀው «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። እርስዎም «ያ ኦርጋን የሚመታበት የጥላሁን ዘፈንስ?» ያልኩዎት ጊዜ የመለሱልኝ ቃል በቃል ይኸው ነው። እሱ ሌላ ነው!

ሩዝ እኛ አገር የገባው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ኤክስ ጅግና እያልን የምንዘራው በደራ ወረዳ ባለችው በጅግና ስም የተጠራ ዘር ነው እንጂ አያት ቅድመ አያቶቻችን የሚያውቁት አይደለም። ዛሬ ግን የሩዝ ቅልቅል እንጀራ ቀርቦለት «ይህ ባህላችን አይደለም» ብሎ ከገበታ የተነሣ ፎገሬ አላየሁም። ላስዌልንም እንደዚያው ብናየው ምን ነበረበት?

ደግሞም ሴትዮዋ የተሸነፈች ቦታ ያሳዩኝ። ሄርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ የሚባሉ የጃዝ አውራዎች አልበሙ ላይ አሉበት፤ አጀቧት እንጂ አልሸፈኗትም። «ባለ ዋሽንቱ»ን በጥሩ ድምፅ ማጉያ ያድምጡት፤ ዜማው እንደሆነ የኛው ነው፣ አማርኛውም የኛው ነው። ከበሮው በአንዳንዱ ዘፈን ላይ መብዛቱን እኔም አልክድም፤ ግን ለዚያ ሲባል አልበም ሙሉ አይታሰርም።

«አባይ» የሚለው ዘፈን ላይ ደግሞ ድርሻ ጠይቄ ነበር። ርብና ጉማራ ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ፣ አባይ ከጣና ሲወጣ የኛም ውኃ አብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ አለንበት ብዬ ተከራከርኩ። የቻግኒው ልጅ «የናንተ ድርሻ ደለሉ ነው» አለኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፤ ካለዎት ይላኩልኝ።

የአልበሙ መጨረሻ ላይ «አድዋ» ይመጣል። እሱ ሲጀምር ወንበር ላይ የቆመውም ማራገቡን ይተዋል፣ ጢስ ጠቋሚዋም ትጮሃለች፣ እኛም አንነሣም። ታች ያለችው ጎረቤት እንኳ አንድ ቀን ልትቆጣ መጥታ በር ላይ ቆማ ሰምታ ተመለሰች። የደብረ ታቦሩ ልጅ «ይሄንንስ ደህና አድርጋለች» ይላል፤ ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው የተጠላው ነው። እርስዎ ግን ግማሽ ዘፈን ሰምተው የፈረዱ ዳኛ ነዎትና ፍርዱ ይሻራል። ካሴቱ በሕይወት ካለ ያውጡት፤ ከሌለ የልጆቹ ስልክ ላይ አይጠፋም። ከ«አድዋ» ይጀምሩና ወደ ኋላ ይሂዱ፤ «ጉድ ፈላ» መጨረሻ ይሁን። እናታችንም ከጎንዎ ትቀመጥ። እሷ የምትለውን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ይጻፉልኝ፤ እሑድ ጉባኤው ፊት አነበዋለሁ፣ ሁሉም የሷን ቃል ሊቀበል ተስማምቷል።

በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። የሩዝ ዱቄት ግን አይላኩ፤ ጃፓኑ ገና አላገገመም።

አክባሪዎ ታናሽ ወንድምዎ