የበር ደወል ያለው ፔጆ

ፔጆዬ ዳሽቦርድ ላይ የበር ደወል አለ። ነጭ ነው፤ መሀሉ ላይ የቃጭል ሥዕል አለው፤ እንግድነት ስንሄድ ግቢ በር ላይ የምንጫነው ዓይነት ነው። እሱን ስጫን ክላክሱ ይጮኻል። ከጎኑ የሳሎን ማብሪያ ማጥፊያ በሁለት ቡሎን ታስሯል፤ የፊት መብራት ነው። ዝቅ ብሎ ከራስጌ መብራት ገመድ ላይ ተቆርጦ የመጣ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ማብሪያ ተንጠልጥሏል፤ የዝናብ መጥረጊያው ነው። መኪናዋ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ተከራይቼ የገባሁ ይመስለኛል። የቀረን ቆጣሪ ማስገባት ነው።

ይህን ሁሉ የሠሩት ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ናቸው፤ እኔም አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። አልዋጥልህ ያለኝ የፍሬቻው ነገር ነው። ዘንጉን ወደ ግራ ስገፋው ድሮ «ቀጭ» ብሎ ይቆም ነበር። አሁን ገና ከመልቀቄ ወደ መሀል ይመለሳል፤ ታጥፌ እስክጨርስ በጣቴ ደግፌ መያዝ አለብኝ። የእኔዋ ፔጆ 404 ናት፤ የ404 ማርሽ ደግሞ መሪው ሥር ነው። አንድ እጅ ለመሪ፣ አንድ እጅ ለማርሽ፣ አንድ እጅ ለፍሬቻ! ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ይህችን መኪና ሲነድፍ ያሰበው ሁለት እጅ ላለው ሰው ነበር።

ፋብሪካውን አልወቅስም። 404 ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተች፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ያሸነፈች መኪና ናት። ሐረር የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ በጀጎል በሮች ዙሪያ ሰውና ዘንቢል ስታመላልስ የኖረች ታክሲ ናት። የእኔዋ ከዚያ ጡረታ ወጥታ፣ ባቢሌን አልፋ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ዛሬ ነገ ወደቀ በሚባልበት በዳካታ ሸለቆ አቋርጣ፣ ካራማራን ወጥታ ወርዳ ጅግጅጋ ገባች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ግራ ቀኝ ሲባል የኖረ ዘንግ ቢደክመው ምን ይደንቃል?

ማብሪያ የሚባል ነገር ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ውስጡ ሁለት የነሐስ ምላሶች፣ አንድ ሞላና ትንሽ ግራሶ ነው። ምላሶቹ በተለያዩ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ትፈጠራለች፤ ብልጭታዋ ጥላሸት ትታ ትሄዳለች፤ የጅግጅጋ ሜዳ አቧራ በቀዳዳው ይገባና ከግራሶው ጋር ይቦካል። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ማለፍ ያቅተዋል፤ ማለፍ ሲያቅተው ይሞቃል፤ ሲሞቅ ሞላው ይለሰልሳል፤ ሞላው ሲለሰልስ ምላሶቹ ይላላሉ፤ ሲላሉ ብልጭታው ይብሳል። ፍሬቻ የዋዛ ነገር አይደለም። ከፊትና ከኋላ ያሉት ባለ 21 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ባትሪ ሲበሩ 3.5 አምፔር ይስባሉ። የድሮው ብልጭ ድርግም ማድረጊያ የሚሠራው በሙቀት ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ካነሰው ወይ ይንቀራፈፋል ወይ በርቶ ይቀራል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ፣ ምላሶቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ ማድረግ፣ ሞላውን ስቦ ጉልበቱን መመለስ፣ የተበላችውን የፕላስቲክ ጥርስ በኤፖክሲ ሞልቶ በሞረድ መቅረጽ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥት ፍለጋ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄድኩ። ጅግጅጋ ውስጥ ለዚህ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ከቀትር በፊት ባለሙያው ልቡ ከአወዳይ በሚመጣው ጫት ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ጫቱ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ ሥራ የሚያህል ነገር የለም፤ ግን ያላዘዝከውን ሁሉ ፈትቶ ይጠብቅሃል።

«አዴር» አለኝ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቱ ነው፤ «ፍሬቻ ምን ያደርግልሃል?»

«ልታጠፍ ስል ሰው እንዲያውቅልኝ።»

«እጅህን አውጣ።»

«የትኛውን?»

ዳሽቦርዱን አየት አደረገና ፈገግ አለ። «ሁለት የበር ደወል ልግጠምልህ፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ወላሂ አዲስ ነው፤ እሽጉም አልተፈታ።»

«ዘንጉን ጠግንልኝ እንጂ!»

«እሱማ አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ።»

«ለአንተ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው፣ አዴር።»

የቤት ማብሪያ ለመኪና እንደማይሆን ላስረዳው ሞከርኩ። የቤት ኤሌክትሪክ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ማብሪያው ሲላቀቅ የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ግን ፋታ የለውም፤ ብልጭታው ምላሱን እየላሰ ይቆያል። ባለሙያው በጥሞና አዳመጠኝና «ታዲያ ሲቃጠል ሌላ እንገጥማለን» አለ። ይህን የሚመልስ ፊዚክስ እስካሁን አልተጻፈም።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ከተማ ፍሬቻን ቁም ነገር ብሎ የያዘው ሰው ጥቂት ነው። ከድንበሩ፣ ከቶጎ ውጫሌ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን መንገዱን በቀኝ ይዘው፣ መሪውም በቀኝ የሆነ መኪና ይነዳሉ፤ ብዙው በዱባይ በኩል ዞሮ የመጣ የጃፓን መኪና ነውና። አልፎ አልፎ እኛም ጋ ብቅ ይላል። የጃፓኑ መኪና ፍሬቻው በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በግራ ነው፤ የእኛ ሾፌር እጅ ደግሞ የለመደው በተቃራኒው ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ የአንድ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ሲወራጭ ካያችሁ መንገድ ልቀቁ፤ ሰውየው ሊታጠፍ ነው።

ግራና ቀኝ ማምታታት መቼም ለእኛ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ በግራ ስትነዳ ኖራ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው ወደ ቀኝ የተሻገረችው። ስዊድኖች ይህንኑ በ1967 እ.ኤ.አ. አድርገው ዓለም እስከ ዛሬ ፎቶውን እያየ ይደነቃል፤ እኛ ሦስት ዓመት ቀድመናቸው ማን አስታወሰን? ያን ቀን ጠዋት የነበረውን ሾፌር ሁልጊዜ አስበዋለሁ። አህያዋ ግን አልተቸገረችም፤ በፊትም በኋላም መሀል መንገድ ላይ ነበረች። አሁንም እዚያው ናት።

በግራ የሚነዱት እንግሊዞች ሐውድን እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ሲያስተዳድሩ እዚሁ ነበሩ። እነሱ እንኳ በአገራቸው ማብሪያ ይቀልዳሉ። ጆሴፍ ሉካስ በበርሚንግሃም ያቋቋመው ድርጅት የሚሠራው ማብሪያ ሦስት ደረጃ አለው ይላሉ፤ ጠፍቷል፣ ፈዟል፣ ይርገበገባል። ባለቤቶቹ ሲስቁበት እኛ ምን ቤት ነን?

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ የደረስኩበት ይህ ነው። ጋራዥ የገባ መኪና ምኑ ቀድሞ እንደሚጠገን ልብ ብላችሁ እዩ። ሞተሩ በዕለቱ ይሠራል፤ ለባለቤቱ ነውና። ቴፑ በዕለቱ ይሠራል። ክላክሱማ ሰዓትም አይሰጠው፤ የበር ደወል ተገዝቶም ቢሆን ይጮኻል፤ ሌላውን ማዘዣ ነዋ! ሳምንት «ነገ እናየዋለን» የሚባለው ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና አጭር መብራት ነው። እነዚህ ሦስቱ ለባለቤቱ ምንም አይጠቅሙም። የሚጠቅሙት ለሌላው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ማታ ከቀብሪ በያህ ወደ ጅግጅጋ ስትመጡ ከፊታችሁ አንድ የጭነት መኪና ረዥም መብራቱን አብርቶ፣ ጣሪያው ላይ ፓውዛ ደርድሮ ይመጣል። ታበሩለታላችሁ፣ ታጠፉለታላችሁ፤ አይሰማም። ማብሪያው ተበላሽቶበት አይደለም፤ አዲስ ነው፣ በትንሹ ጣት ይሠራል። መንገዱ ዳር ግመል የሚነዳ ልጅ ይኑር፣ መብራት የሌለው የውሃ ጋሪ ይኑር፣ ለዚያች ደቂቃ ምንም አይታያችሁም። ያ ሰው የሚያየው የራሱን መንገድ ብቻ ነው። የሰው ሕይወት ከአንድ ጣት እንቅስቃሴ በታች ሲሆን ምን ይባላል? የእኔን ፍሬቻ «ምን ያደርግልሃል» የሚል ሁሉ ያን መንገድ በማታ አንድ ጊዜ በእግሩ ይሂድበትና ከዚያ ይጠይቀኝ።

ለነገሩ ኤሌክትሪሻኔ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ስናገር ቃል ሳይመልስልኝ ቆየና ሻይ በግመል ወተት አዘዘልኝ። ከዚያ ለፊት መብራቱ ሪሌ እንዲያስገባ ተስማማን። ሁለቱ ባለ 45 ዋት አምፖሎች 7.5 አምፔር የሚስቡት በሳሎኑ ማብሪያ በኩል ነበር፤ ሪሌ ሲገባ ማብሪያው የሚያሳልፈው የአምፔር ሽራፊ ብቻ ነው። ዘንጉን በተመለከተ «ኢንሻአላህ» ብሎኛል። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ለኖረ ሰው ይህ ቀጠሮም ነው፣ መልስም ነው።

እሱን የሚያሳስበው ሌላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማብሪያው ሁሉ ስክሪን ውስጥ ገብቷል። «ስክሪኑ ላይ የበር ደወል የት ይገጠማል?» ይለኛል። አይዞህ አልኩት፤ የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት መዛኙ ዩሮ ኤንካፕ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስና ዝናብ መጥረጊያን የመሰሉት በእጅ የሚዳሰስ ማብሪያ ከሌላቸው አምስት ኮከብ አልሰጥም ብሏል። ሰማና ደስ አለው፤ ጥቂት አሰበና «በር ደወሉ በእጅ ይዳሰሳል አይደል?» አለ።

በዚህ መሀል የነዳጅ መለኪያዋን አየ። ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ናት። ልሥራልህ አለ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ቤንዚን በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር በሚሸጥበት ዘመን ሁልጊዜ ግማሽ ያለው ሰው ምን ጎደለው? እሱ ግን ማደያ የደረስኩት ተገፍቼ እንደነበር አይቷል፤ እኔ ደግሞ ያ ካርቡራቶሩ ነው እላለሁ። ጎረቤቱ ጎሚስታ ጎማውን ጥሎ መጣና ነገሩ ባትሪው ነው አለ። አንድ ሌላ አላፊ አግዳሚም ቆሞ ኮፈኑን ክፈቱት እያለ ነው።