ጋምቤላ ላይ የእንግሊዝ ፈረስ ለመግዛት ለቆረጡ

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ጋምቤላ ሲደርስ ነገሩን በግማሽ ተሟልቶ ያገኘዋል። ሜዳው ይኸው፤ የባሮን ወንዝ ተከትሎ እስከ ኢታንግ ተዘርግቷል። የቀረው ፈረሱ ነው። እርስዎ ደግሞ ለሽርሽር የሚሆን የእንግሊዝ ፈረስ፣ ያውም ከአካባቢው ገበያ ካልገዛሁ ብለዋል። ደግ። ለቆረጠ ሰው ምክር እንጂ ተግሣጽ አይገባም።

ምኞትዎ ሥር የሌለው እንዳይመስልዎ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሙት ውል እንግሊዝ ባሮ ዳር ከ2000 ሜትር የማይረዝም፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ አገኘች፤ ሱዳን ነፃ እስክትወጣ እስከ 1948ም ቆየችበት። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ሸቀጥ አምጥተው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። የፈረስ ዘር ግን አልተዉልዎትም።

የጋምቤላ ገበያ የሚኮራው በዓሣው ነውና «አካባቢ» የሚለውን ትንሽ ሰፋ አድርገው ሽቅብ ወደ ጎሬ ይውጡ። ፈረሱ ሲቀርብልዎ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ይዩ፤ ከዚያ ኮርቻውን ያስወርዱ። ደላላው «ምን ያደርግልዎታል?» ካለ በእርግጠኝነት ያስወርዱ፤ ገጣባው ከግላሱ ሥር ነው። ቁመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን አይከፉ፤ ያገራችን ፈረስ እንዲያ ነው። ደላላው «እንግሊዝ ነው» ብሎ ቢምልም አይከራከሩ። የታወቀው የእንግሊዝ የሩጫ ፈረስ ራሱ በአባት በኩል የሚቆጠረው ከምሥራቅ ከመጡ ሦስት ድንጉላዎች ነው። በቅሎም ስለ አባቷ ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቆላ ሊወርዱ ነው። ጎሬ 2000 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500። ታች የሚጠብቅዎ የቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የያዘው ፈረስ እየበላ ይከሳል፤ ትኩሳቱ ይነሣል ይወርዳል፣ ሆዱ ሥር ውኃ ይቋጥራል። መድኃኒት አለው፤ ዝንቡ ግን እዚያው ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፦ ከዓይኑ በላይ ያብጣል፣ ባፍንጫው አረፋ ይደፍቃል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሳይወርዱ ያስከትቡ። ፈረሱን ለሽርሽር ነው ካሉ ደግሞ፣ በእንግሊዝ ኮርቻ የሽርሽር ፈረስ ውድድር ዳኞች የሚያዩት ፍጥነትን ሳይሆን ፈረሱ ደስ ብሎት መራመዱን ነው። ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ዝንብ ጆሮው ላይ ሰፍሮ፣ ደስታውን ከየት እንደሚያመጣው ከእንስሳት ሐኪምዎ ጋር ይማከሩበት።

በእኔ ግምት ዋናው የፈረስ ስሙ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው፤ እርስዎም በአቅምዎ አባ ምንትስ መባል ያምርዎታል። ለዚህ ጋምቤላን የሚያህል አገር የለም። የኑዌር ጎረምሳ በበሬው መልክና ቀለም ስም ይወጣለታልና የሚሉት ነገር ወዲያው ይገባዋል። «በሬህ የት አለ?» ቢሉት ግን በጣቱ ያሳያል። እርስዎም እንዳያፍሩ ይዘጋጁ፦ ፈረሱን ጎሬ ለሚያውቁት ሰው አደራ ይስጡ፣ ስሙን ብቻ ይዘው ይውረዱ፣ ከባሮ ድልድይ ማዶ ለማዶ ባጃጅ ይሳፈሩ። የገብሱንና የሣሩን ሒሳብ በየወሩ መላክ ግን አይርሱ።