የሾላው ሹም

ክረምት ሲገባ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ ጉም ይውጠዋል። የተሳፈርንበት መኪና አንኮበርን አልፎ ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ጭቃ ያዘው። ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ወይ ፍንክች! ዝናቡ ሲበረታ ከመንገዱ በላይ ድንኳን አየንና ሮጠን ገባን። ለካ የለቅሶ ድንኳን ነው።

«ግቡ ልጆቼ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ውጭ አይቆምም» አሉን አንዲት እናት። ንፍሮ ተሰጠን። ደጃፉ ላይ የሟቹ ፈረስ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ ቆሟል። ጋሻቸው ከኮርቻው ተንጠልጥሏል፤ ፎቶግራፋቸው እንዳይርስ አንድ ልጅ በላስቲክ ሸፍኖ ደረቱ ላይ ይዞታል። ከኮርቻው ዘርፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

ያኔ ካ-አፐር ትዝ አለኝ። የዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ የኖረ የግብፅ ሹምና ካህን ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ሳቃራ ላይ ከመቃብሩ የወጣው ሐውልቱ የሾላ እንጨት ነው፤ ያው በእኛ ቆላ የምናውቀው ሾላ። ቦርጫም፣ ፊቱ ክብ፣ ዓይኑ በመዳብ የተከፈፈ ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ። ቆፋሪዎቹ የገዛ መንደራቸውን ሹም ስለመሰላቸው «ሸይኽ ኤል-በለድ» አሉት፤ እኛ ብንሆን ጭቃ ሹም እንለው ነበር። እንዲህ ያለው ምስል መቃብር የሚገባው ነፍስ የምታድርበት አካል እንዳታጣ፣ የሚቀርብላትን እንጀራና ጠላ እንድትቀበል ነው። ስሙና ማዕረጉ አብረው ይጻፋሉ። ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ከተቀረጸበት ግን ሐውልቱ የሌላው ይሆናል፤ ነገሥታቱም ሳይቀሩ የቀደሙትን ምስል እንዲህ ወርሰዋል።

ኮንሶዎች ለጀግናቸው ዋካ የሚሉትን የእንጨት ምስል ጠርበው ያቆማሉ፤ ሚስቶቹንና የገደላቸውን ጠላቶች ከጎኑ ያሰልፉለታል። በእኛ ደጋ ፈረሱ፣ ጋሻውና ልብሱ በለቅሶው ቀን የሟቹን ቦታ ይይዛሉ፤ ሲመሽ ኮርቻው ይወርዳል። ስሙን የምትይዝልን አልቃሽ ናት። እኔ አልቃሽን ከጠራቢ አላሳንስም። የሰውየውን አባት፣ አገር፣ ማዕረግና የዋለበትን ጦር ሜዳ ሳትጽፍ ይዛ፣ ቤት አስመትታ በዜማ ታወርዳለች። እሷ ስታልፍ የሚተካት ካልተገኘ አብሮ የሚጠፋው ብዙ ነው፤ ይህ ያስጨንቀኛል።

በዚያ ድንኳን የነበረችው አልቃሽ ዞር ብላ «የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። አባቴንና አያቴን ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ ከሟቹ ጋር አያቴን በስሙ አነሣችው፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተቀበላት፣ እኔም አለቀስኩ። መኪናው የወጣው ለቀስተኛው ወርዶ ሲገፋልን ነው።