ስፕሬይ ይዞ በአለርጂ መሰቃያ መንገድ

ኤፕሪል ገብቶ በዋሽንግተን አካባቢ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ፣ መኪናዎ ላይ ቢጫ ብናኝ ሲነጠፍ፣ ምንም አያድርጉ። ዓይንዎ እስኪያብጥ፣ ማስነጠሱም እንቅልፍ እስኪነሳዎት ይጠብቁ። እንደ ፍሉቲካዞን ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ ወቅቱ ሳይገባ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው፤ እርስዎ ግን «ሳይነስ ነው፣ ይለቀኛል» ይበሉ።

ሲብስብዎት ሱቅ ገብተው ኦክሲሜታዞሊን የተባለውን ስፕሬይ ይግዙ። አፍንጫን በደቂቃዎች ይከፍታል። ከ3 ቀን በላይ እንዳይወሰድ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ አያንብቡት። መድኃኒቱ ያበጡትን የደም ሥሮች ያኮማትራል፣ ኃይሉ ሲያልቅ መልሰው ያብጣሉ፣ እርስዎም ደግመው ይነፋሉ። እንዲህ ሲቀጥሉ የሚያፍንዎት አበባው መሆኑ ይቀርና ስፕሬዩ ራሱ ይሆናል። ጠርሙሱን ትራስጌ ሳያኖሩ መተኛት ያቃታቸውን ሰዎች ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ሕመማቸውን ያራዘመው መድኃኒታቸው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ፍሉቲካዞን ከገዙ ደግሞ አንድ ቀን ነፍተው «አይሠራም» ብለው ይጣሉት። በየቀኑ ሲወሰድ በቀናት ውስጥ ነው ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው፤ ለዚያ ዕድል አይስጡት።

አነፋፉ ላይም ይጠንቀቁ! ሳይናፈጡ፣ ጠርሙሱንም ሳይነቀንቁ ይጀምሩ። ጫፉን ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ያነጣጥሩ፤ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይነስርዎታል። ራስዎን ወደ ኋላ ጥለው በኃይል ይማጉ፤ መድኃኒቱ ጉሮሮዎ ውስጥ ይወርዳል። መዳን የሚፈልግ ሰው ግን ራሱን በትንሹ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ በቀኝ እጁ የግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጁ የቀኙን ይነፋል፣ ጫፉን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮው በኩል ያዞራል፣ በቀስታም ይስባል።

በመጨረሻም ጠርሙሱን ለቤተሰቡ ሁሉ ያዳርሱ፤ ጉንፋኑም አብሮ ይዳረሳል። ከአገር ቤት ለመጡት እናትዎም እንግሊዝኛውን ሳያነቡላቸው አስጨብጠዋቸው ወደ ሥራ ይሂዱ። ደም ብዛት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ኦክሲሜታዞሊንን ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይወስድ፣ ግላኮማ ያለበት ደግሞ ስለ ፍሉቲካዞን አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር የሚያስጠነቅቀው እዚያው ማሸጊያው ላይ ነው፤ እሳቸውም አፍረው አይጠይቁዎትም።