ጡረታ ወጥቶ ገበያ ጠባቂ

በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ጡረታ የወጣን ሰው እጅ መንሣት ይገባል። እኩዮቹ አለቃቸው ፊት ሲሽቆጠቆጡ እሱ ደሞዝ የሚባለውን ነገር በቃኝ ብሎ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ አንጠልጥሎ፣ ሊዝበን ውስጥ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሰዓት አላሰረም፤ ሰዓት የተቀጣሪ ነው። ብቻ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሲቃረብ የያዘውን ወሬ ያቋርጥና ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። በዚያች ደቂቃ ኒው ዮርክ ውስጥ የአክሲዮን ገበያው መክፈቻ ደወል ይደወላል። ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ የከተመው ባልንጀራው ደግሞ ያንኑ ደወል የሚጠብቀው ከመሸ ነው። ሁለቱም ከቢሮ ነጻ ወጥተዋል፤ የፊርማ ሰዓታቸው ብቻ ተዛውሯል።

ሁለቱ የሚከተሉት ንቅናቄ በአሜሪካ «ፋየር» ይባላል። ትምህርቱ አጭር ነው። ከገቢህ ግማሹን፣ ከቻልክም ከዚያ በላይ ቆጥብ፤ የቆጠብከውን የታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን በጅምላ በሚገዛ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ክተት፤ የዓመት ወጪህን 25 እጥፍ ያገኘህ ዕለት የመልቀቂያ ደብዳቤህን ጻፍ። በዓመት 40 ሺህ ዶላር ለሚበቃው ሰው ይህ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶውን፣ በየዓመቱም ያንኑ መጠን ለዋጋ ንረት እያስተካከለ እየሸጠ ይበላል፤ የቀረው እየወለደ ይተካዋል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት በኤክሴል ሠንጠረዥ ተደግፎ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከንቅናቄው አባቶች አንዱ የሚባለው ጆ ዶሚንጌዝ ዎል ስትሪት ውስጥ የፋይናንስ ተንታኝ ነበር። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገና በሠላሳዎቹ መግቢያ ላይ ሥራውን ለቀቀ፤ በ1992 ከቪኪ ሮቢን ጋር ያሳተመው መጽሐፍም ለብዙዎች እንደ ወንጌል ሆነ። ገንዘቡንስ የት አስቀመጠ? የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ላይ። የገበያውን ጓዳ ከውስጥ ያየው ሰው አክሲዮኑን ለሌሎች ትቶ ሄደ ማለት ነው። እርግጥ በዚያ ዘመን ቦንድ የሚከፍለው ወለድ ጠቀም ያለ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ግን ከሱ ሕይወት ቁጠባውንና ስንብቱን ወርሰው፣ እንቅልፍ ያስተኛው የነበረውን ነገር አሰልቺ ነው ብለው ተዉት።

4 በመቶዋም ባለቤት አላት። ዊልያም ቤንገን ይባላል፤ ኤም አይ ቲ ውስጥ የአውሮፕላንና የሕዋ ምህንድስና ተምሮ፣ በቤተሰቡ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት ሠርቶ፣ ኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ የፋይናንስ አማካሪ የሆነ ሰው ነው። በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በክፉ ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው እንኳ በዓመት 4 በመቶ ገደማ ቢያወጣ ገንዘቡ ለ30 ዓመት እንደሚዘልቅለት አሳየ። ለ30 ዓመት! አዛውንቶችን አስቦ የተሠራ ልብስ ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የወጣው ጎልማሳ በዚህ ስሌት ዋስትናው የሚያልቅበት 66 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ሌላው ሕዝብ ጡረታ መውጣት በሚጀምርበት ዕድሜ። ከዚያ በኋላ ምን ይበላል? በጡረታ ላይ የ30 ዓመት የሥራ ልምድ ይኖረዋል፤ ይቀጥሩታል።

«ገበያ ሁልጊዜ ይመለሳል» የሚለው ቃል የንቅናቄው ጸሎተ ሃይማኖት ነው። ውሸት አይደለም። በ2020 የአሜሪካ አክሲዮን መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው ጊዜ 34 በመቶ ያህል ወርዶ በኦገስት የነበረበት ደርሷል። ሆኖም በ1966 መጀመሪያ 1000 ነጥብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሌላው መለኪያ፣ ዳው ጆንስ፣ በኦገስት 1982 በ777 ነጥብ ላይ ነበር። ያም የ1970ዎቹን የዋጋ ንረት ሳንቆጥር ነው። ቤንገን የመዘነው ክፉ ጊዜ ይኸው ነበር። 16 ዓመት ለገበያ ምንም አይደለም፤ ሆቴል ውስጥ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሒሳቡ ይቆጥራል።

ደግሞም ገበያው የሚመለሰው ላልሸጠ ሰው ነው። የጎልማሳው ጡረተኛ መተዳደሪያ መሸጥ ነው። በ2000 መባቻ አንድ ሚሊዮን ዶላሩን በሙሉ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ አድርጎ የተሰናበተ ሰው አለ እንበል። ገንዘቡን ሳይነካ አሥር ዓመት ቢተኛ ኖሮ፣ የትርፍ ድርሻው ተጨምሮ 910 ሺህ ዶላር ገደማ ይዞ ይነቃ ነበር። የተራበ ሰው ግን አይተኛም። በየዓመቱ መጀመሪያ 40 ሺህ ዶላር፣ ለዋጋ ንረት አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይጨምር፣ ቢያወጣ በ2009 መጨረሻ የሚቀረው ከ490 ሺህ ዶላር ፈቀቅ አይልም። ዕድሜው 46 ሆኗል። ገንዘቡ ግማሽ ሆኗል። የቀረው ዘመን ግን ግማሽ አልሆነም።

ጡረተኛው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ መሃይም አይደለም። ሠንጠረዡ ውስጥ መልሱን አስቀድሞ ጽፎታል፦ «ገበያው ከወረደ ወጪዬን እቀንሳለሁ።» ከወጪ ደግሞ ምን ይቀነሳል? ጉዞ። ኪራይ፣ ምግብና መድን «ግዴታ» በሚለው ዓምድ ሥር ናቸው፤ ጉዞ «ፍላጎት» በሚለው። ድንቅ ብልሃት ነው። አንድ ትንሽ እንከን ብቻ አለው፤ ሰውየው የሚኖረው ጉዞው ውስጥ ነው። ኦስቲን የነበረውን ቤት ሸጧል፣ መኪናውን ሸጧል፣ ሶፋውን ለጎረቤት ሰጥቷል። በወር በወር ከተማ እየቀየረ የሚኖር ሰው ጉዞውን ሲሰርዝ ከሚያድርበት ነው የሚወጣው። አገሬ እገባለሁ ካለ ደግሞ የሚጠብቀው ከሸሸው የበለጠ የቤት ኪራይ ነው። የሚቆርጠው ቅርንጫፍ ራሱ የተቀመጠበት መሆኑን ሠንጠረዡ አያሳይም፤ ቀመሩ ግን በትክክል ይደምራል።

ለዚህም መልስ አይጠፋም። «ገበያው ከወረደ ርካሽ አገር እሄዳለሁ!» ይህ ስትራቴጂ የተፈተነው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በማርች 2020 ነበር። በ15ኛው ቀን የፔሩ ፕሬዚዳንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ በማግስቱ እኩለ ሌሊት ላይ ድንበሩ ተዘጋ፤ ማቹ ፒቹን ሊያዩ የሄዱትን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ቱሪስቶች እዚያው ቀሩ። በ19ኛው ቀን ኒውዚላንድ በሯን ለውጭ ሰው ዘጋች። በ23ኛው ቀን የአሜሪካ ገበያ የመጨረሻ ወለሉ ላይ ደረሰ። በኤፕሪል መጀመሪያ ታይላንድ ወደ አገሯ የሚገቡ የመንገደኛ በረራዎችን አገደች። ወጪውን ለመቀነስ የተዘጋጀው ሰው በመጨረሻ ተሳክቶለታል፤ የሚሄድበት አልነበረም።

ስለ ምንዛሪ ሲወራ ደግሞ ትሕትናው ያስቀናል። በ2022 አክሲዮኑ 19 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ሲወርድ ይደግፈኛል የተባለው ቦንድም 13 በመቶ ያህል ተከትሎት ወረደ፤ የአሜሪካ የዋጋ ንረት በጁን 9.1 በመቶ ገባ። ሆኖም በዚያው በጋ ዶላር ከዩሮ ጋር እኩል ለእኩል ሆነና ፖርቱጋል ያለው ጡረተኛ እራቱን በርካሽ በላ። አስቀድሜ አስቤበት ነው አለ። በ2025 ኤፕሪል ላይ የትራምፕ የቀረጥ ዝርዝር ሲነበብ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሁለት ቀን ከ10 በመቶ በላይ ተናደ፤ በዚህ ጊዜ ዶላሩም አብሮ ወረደ። በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት የዶላር መለኪያው 10 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ከ1973 ወዲህ እንዲህ ያለ የመጀመሪያ አጋማሽ አልታየም። አክሲዮኑ እስከ ጁን መጨረሻ ተመለሰ፤ ኪራዩ በዩሮ የሆነው ሰው ግን የጠፋውን ምንዛሪ ማን ይመልስለት? በዚህ ጊዜ አስቀድሜ አስቤበት ነው አላለም። የዓለም ሁኔታ ነው አለ።

የመጨረሻው ምሽግ ሥራ ነው። «ከከፋ ተመልሼ እሠራለሁ» ይላል፤ ሥራው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ይመስል። ገበያና ሥራ ግን አብረው የመውደቅ ክፉ ልማድ አላቸው። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ፣ በኦክቶበር 2009፣ የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደረሰ፤ በኤፕሪል 2020 ከ14 በመቶ በላይ ሆነ። ይህ ሰው ቅጥር የሚጠይቀው ልክ መሥሪያ ቤቶች ሰው በሚያሰናብቱበት ወር ነው፤ ያውም የሰባት ዓመት የሥራ ታሪኩ ላይ «ቬትናም፣ ጆርጂያ፣ ኮሎምቢያ» ተብሎ ተጽፎ። ቀጣሪው ምን ይጠይቀዋል? ምናልባት የሆቴል አድራሻ።

የጤናው ነገር አጭር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ በ65 ዓመት ይጀምራል፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምናም በአብዛኛው አይከፍልም። እስከዚያ ያለውን 29 ዓመት «ኦባማ ኬር» በሚባለው ድጎማ ባለው መድን ለሚሸፍን ሰው፣ ድጎማው የሚሰላው በገቢው እንጂ በሀብቱ አይደለም፤ ስለዚህ ሚሊዮን ዶላር ያለው ሰው ገቢውን ዝቅ አድርጎ በቅጹ ላይ ችግረኛ ይሆናል። ሕጋዊ ነው። በወረርሽኙ ዘመን የተጨመረው ድጎማ በ2025 መጨረሻ ሲያበቃ ግን ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ በድንገት ቀላ።

እስካሁን የተነገረው ሰውየው በራሱ ላይ ስላመጣው ነው፤ በራሱ ፈቃድ የገባበት ሰው ይጫወት። የሚያስቆጣው ሌላ ነው። ሊዝበን ርካሽ ናት የሚለው አድናቆቱ። በ2025 የፖርቱጋል ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር። በዓመት 40 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሰው በወር 3,333 ዶላር አለው ማለት ነው። እንግዲህ ቡናውን ያቀረበለት አስተናጋጅ በ870 ዩሮው በዚያችው ከተማ ቤት ይፈልግ። ጡረተኛው የሚያወድሰው ርካሽነት የአስተናጋጁ ደሞዝ ነው። ለነገሩ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። አገሪቱ ራሷ ከ2009 ጀምሮ የውጭ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች የግብር ቅናሽ እየዘረጋች ስትጠራቸው ኖራለች፤ ለአዲስ አመልካች በሩን መዝጋት የጀመረችው በ2024 ነው። የቱሪስት ማረፊያ የሆነው አፓርታማም፣ ያልተሠራው ቤትም ድርሻ አላቸው። በኤፕሪል 1 ቀን 2023 የሊዝበንና የሌሎች ከተሞች ነዋሪዎች ቤት ይኑረን ብለው አደባባይ ወጡ። በጁላይ 4 ቀን 2025፣ አሜሪካ የነጻነት በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ የሜክሲኮ ሲቲ ሰዎች ኮንዴሳና ሮማ በተባሉት ሰፈሮች የውጭ ሰው ኪራያችንን አስወደደው ብለው ተሰለፉ፤ አንዳንዱ መስታወት እስከ መስበር ደረሰ። ጡረተኛው በማግስቱ ወደ ሌላ ርካሽ ከተማ ትኬት መፈለግ ጀመረ። ገበያ ሲወርድ የሚኖርበትን አገር ሰው ያጣብባል፤ ገበያ ሲወጣም እንዲሁ።

ይህ ስሌት ዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ለሚኖረው አበሻም ክፍት ነው፤ ኢንዴክስ ፈንድ የማንንም ትውልድ አገር አይጠይቅም። ቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ፣ ደሞዙ ጠቀም ያለ፣ አለቃው ያሰለቸው ወጣት 25 እጥፉን አስልቶ ልቡ ቢነሣ አይፈረድበትም። ብቻ «ጉዞ» የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆይ። የፈረንጁ ጉዞ ባሊ ነው፤ ገበያው ሲወርድ ይሰረዛል፤ ባሊም አትቀየምም። የሱ ጉዞ የአባት ለቅሶ ነው፣ የእህት ሠርግ ነው፣ ሕመሟን በስልክ የደበቀች እናትን ማየት ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ20 በመቶ ወረደ ብሎ ለቅሶ የቀረ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ቢሰማም ዕድርተኛው ፊት የሚናገር አይገኝም። ገበያው በከፋበት ወር ወደ አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚደውለው ዘመድ ይበዛል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ሁለቱን፣ የአዲስ አበባውን ትኬትና የሚልከውን ገንዘብ፣ «ፍላጎት» ከሚለው ዓምድ አውጥቶ ከኪራዩ ጎን ይጻፋቸው። በወር 500 ዶላር ለእናቱ የሚልክ ሰው፣ በራሳቸው በንቅናቄው ስሌት፣ ሚሊዮኑ ላይ 150 ሺህ ዶላር መጨመር አለበት።