ሳይሰሙ ራስ መነቅነቅ፦ ለሕክምና ተማሪ የተሰጠ ምክር

የሕክምና ትምህርት ረጅም ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለገባ ሰው አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ዋርዱና ኢንተርንሺፑ ተደማምሮ ከስድስት ዓመት አያንስም። ይህን ሁሉ ዕድሜ በማወቅ የሚያባክኑ ተማሪዎች አሉ። ብልህ ተማሪ ግን አቋራጩን ቀድሞ ይደርስበታል፦ ማወቅ ከባድ ነው፣ የሚያውቅ መምሰል ግን አንድ ንጹሕ ጋዋንና አንድ ደንዳና አንገት ብቻ ይጠይቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ አያያዝ ነው። ተማሪው ወፍራሙን ሃሪሰን ይሸከመው እንጂ አይግለጠው፤ ላይብረሪ ሲገባ ርዕሱ ለአላፊ አግዳሚው በሚታይበት በኩል ያስቀምጠው። የሚነበበው የመምህሩ ስላይድ ነው፣ እሱም በፈተና ዋዜማ። አሥራ ሁለቱን የራስ ቅል ነርቮች በዜማ ይሸምድዳቸው፤ ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን ማን ይጠይቀዋል? አንድ ቀን ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሰው ሲመጣ ዜማውን ከአንድ ጀምሮ እያወረደ ሰባተኛው ላይ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ፣ ደጋግሞ ያንብብ እንጂ መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን አይጠይቅ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር አጠና፤ ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ለማስታወስ ታገለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን እሱ የያዘው 40 በመቶውን ሲሆን ሌላው 61 በመቶውን ነበር። በዋዜማ ለሚያነብ ሰው የሚያስፈልገው የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው፤ በሽተኛው ሳምንት ቆይቶ ከመጣ ጥፋቱ የራሱ ነው። (የቆሎ ተማሪ፣ መቼም፣ ይህ ጥናት እስኪታተም አልጠበቀም። ከየኔታ ፊት ቀርቦ ቀለሙን በቃሉ ሲያወርድ፣ ሲሳሳት፣ ሲታረም ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ውርደት ለዘመናዊ ተማሪ አይመከርም።)

ከዚያ ዋርድ ይመጣል። ሂስትሪ የሚወሰደው ከአልጋው ግርጌ ተቁሞ ነው፤ ወንበር ስቦ መቀመጥ ጊዜ ይፈጃል። ስም መጠየቅም ትርፍ ነው፣ «ሰባት ቁጥር» ይበቃል።

«አባባ፣ ዲስፕኒያ አለዎት? ኦርቶፕኒያስ? እግርዎ ላይ ኢዴማ አስተውለዋል?»

«አዎ ልጄ።»

«ሳልስ? ሌሊት ላብ? ክብደት መቀነስ?»

«አዎ፣ አዎ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከገጠር የመጡ ሽማግሌ የተማረን ልጅ አያሳፍሩም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የልብ ድካምም፣ ቲቢም፣ ካንሰርም በአንድነት ያደረባቸው ሰው ወረቀት ላይ ተገኙ። ሲተኙ ስንት ትራስ እንደሚደርቡ፣ ዳገቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የት የት ላይ እንደሚያርፉ መጠየቅ ይቻል ነበር። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ግን እውነተኛ መልስ ያገኝና ሥራ ይበዛበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ። ፈረንሳዊው ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የአንዲት ሴት ደረት ላይ ሲያስጠጋ ስቴቶስኮፕ የማዳመጫ መሣሪያ መስሎት ነበር። ቦታው አንገት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ግድ ሆኖ ጆሮ ውስጥ ከገባም ከጋቢው በላይ፣ ከሹራቡ በላይ ይደረግ፤ በሽተኛዋን ማስወለቅ፣ መጋረጃ መሳብ፣ ፈቃድ መጠየቅ ሁሉ ጣጣ ነው።

ራውንድ ላይ ሲኒየሩ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ካለች ሴት አልጋ አጠገብ ይቆምና «አፔክስ ላይ መርመር አለ፣ ስሙት» ይላል። ስድስት ተማሪዎች ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዋ ጎንበስ ትላለች፤ የሰማችው የነጠላውን መፋተግ ነው፤ ራሷን ትነቀንቃለች። ሁለተኛው እሷን አይቶ ይነቀንቃል። ሦስተኛውና አራተኛዋ የራሳቸውን ልብ ሰምተዋል፣ እነሱም ነቀነቁ። አምስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየት ስላለ ከሁሉም የበለጠ የሰማ መሰለ። ስድስተኛው የስቴቶስኮፑን ጆሮ ወደ አፍንጫው አቅጣጫ ማዞር ሲገባው ገልብጦ ሰክቶታል፤ ነቀነቀ። ሲኒየሩ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ያልሰሙት መርመር፣ ያ ያልተለመደ የልብ ድምፅ፣ በዚህ አገር ዋርድ እንግዳ አይደለም። በሽተኛዋ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋ በባክቴሪያ ቆስሎ፣ በወጉ ሳይታከም ቀርቶ፣ ጦሱ ከዓመታት በኋላ የልብ በሯን ያጠበበባት ሴት ናት። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከሩቅ እንደሚያጉረመርም ነጎድጓድ ነው። በግራ ጎኗ ካልተጋደመች፣ አየር አስወጥታ ትንፋሿን ካልያዘች፣ የስቴቶስኮፑ ደወል መሰል ገጽ ሳይጫኑ ለስለስ ተደርጎ ካልተቀመጠ ያመልጣል። «አልሰማሁም፣ እንደገና ያሳዩኝ» የሚል ተማሪ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ይማር ነበር። ግን ራውንዱን ያዘገያል፣ ይባስ ብሎም የነቀነቁትን አምስቱን ያጋልጣል። ስለዚህ ዝም ይበል። ጥቂት ዓመታት ጠብቆ ሬዚደንት ሲሆን በተራው አዲሶቹን ተማሪዎች «መርመር አለ፣ ስሙት» ይላቸዋል፤ እነሱም ይነቀንቃሉ።

የትንፋሽ ቁጥር 20 ተብሎ ይጻፍ። ለሁሉም።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገጠር ውስጥ ሕፃን ታቅፎ ሲመጣላት ልብሱን ገልጣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው ሕፃን በደቂቃ 50፣ ዓመት ያለፈው 40 ከደረሰ ሳንባ ምች መጠርጠር እንዳለባት ታውቃለች። የሕክምና ተማሪ ግን ከበሩ ላይ ሆኖ በጨረፍታ ያውቀዋል።

እጅ መታጠብን በተመለከተ ተማሪው የወገኖቹን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የቪየናው ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት፣ አንዱ የሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላው የአዋላጆች። ተማሪዎቹ አስከሬን ሲከፍቱ ያረፈዱበትን እጅ ይዘው ወደ ወላዶቹ ይሻገሩ ነበር። በእነሱ ክፍል የአራስ ትኩሳት የሚፈጃቸው እናቶች ከመብዛታቸው የተነሳ ሴቶች ወደ አዋላጆቹ እንዲመደቡ ይለምኑ ነበር። ሰመልዋይስ የሚባል ሐኪም በ1847 ሁሉም እጁን በክሎሪን እንዲታጠብ አዘዘ፤ በሚያዝያ ከመቶ 18 የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ምስጋናው ቅያሜ ሆነ። እንግዲህ ከአልጋ ወደ አልጋ ያለ ሳሙና የሚዘዋወር ተማሪ የቆየ ባህል ጠባቂ ነው፤ በዚያው ጋዋን ካፌ ገብቶ ቢያጎርስ ደግሞ ፍቅርም ይጨምራል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም የሚታወቀው ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ በማውጣት ነው። ከዚህ ጣጣ የተነሳ ተማሪው አንድ ቀን መጠይቅ ይዞ ገጠር መውረዱ አይቀርም። ቤት ለቤት አይዙር፣ ውሻ አለ። ዋርካ ሥር ተቀምጦ ቅጹን ይሙላ፦ መጸዳጃ ቤት አለ፣ አለ፣ የለም፣ አለ። «የለም»ን አልፎ አልፎ ጣል ማድረግ ለተዓማኒነት ይረዳል።

የሙያው ፍሬ የሚታየው ግን ለበዓል ቤት ሲገባ ነው። አንደኛ ዓመት እንኳ ሳይጨርስ ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎታል፣ እሱም አላረመም። ዶሮው ሳይወጣ አክስቱ የሰባት ዓመት ልጃቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ጉሮሮውን አሞታል፣ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ አቅቶታል። ተማሪው አፉን አያስከፍት፣ አንገቱንም አይዳስስ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ ማለትማ አላውቅም ማለት ነው። አሞክሳሲሊን ይዘዝ፣ ሦስት ቀን። ሲሻለው ያቁም፣ የተረፈው ለእህቱ ይቀመጥ።

«ተመስገን!» ይላሉ አያት፣ ቡናውን እየቀዱ። «ዶክተር ከቤታችን ወጥቶልን ሆስፒታል ምን ያንከራትተናል!»

ተማሪው ራሱን ይነቀንቃል።