ለእንጦጦም ሚዛን ይተከል

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች እስከ ዛሬ ያለ ደንብ መኖራቸው ያሳዝናል። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እስር አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ሽሮ ሜዳን ሲያቋርጡ «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የሚያስቆማቸው ባለዩኒፎርም የለም። ቦሌ ግን ሥርዓት አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ አንድ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ 7 ኪሎ፣ 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር። በርበሬና ሽሮ ይዞ ስምንተኛ ኪሎ ላይ የተገኘ ወዮለት!

ክብደት ለአዲስ አበባ ቀልድ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ሳስቶ ክንፍና ሞተር ይቸግራቸዋል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላንም ነዳጁን ሞልቶ መነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ ያርፋል። ታዲያ ዘጠኝ ኪሎ የሆነው ሻንጣ ከእጅ ተነጥቆ ካርጎ ሲገባ አውሮፕላኑ በስንት ግራም ቀለለ? መንገደኛው ሁለት ኪሎ በርበሬ በካፖርቱ ኪስ ከትቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ቢመለስስ? ሚዛኑ ይረካል፣ ሰውየውን ያልበዋል፣ ክብደቱ ያው ነው። ለአሜሪካ መንገደኛ ደግሞ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ይገባሉ። መንገደኛውን ራሱንማ ማን ይመዝነዋል? ሃምሳ ኪሎም ይሁን መቶ አሥር፣ ትኬቱ አንድ ነው።

«ከላይ ቢወድቅ ራስ ይፈነክታል፤ ማስቀመጫውም ጠባብ ነው» ለሚሉት ሽሙጤን ለጊዜው ልሰብስብ። ልክ ናቸው፤ የሌላውን ቦታ የሚሻማ ሻንጣ መለካት አለበት። ግን የራስ ቅል ጥንካሬ በየኩባንያው ይለያያል እንዴ? የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. 55 በ35 በ20 የሚል የጋራ ልክ ቢያቀርብ ተቃውሞ ገጥሞት ወዲያው አቆመው። ሪያንኤር በተባለው የአውሮፓ አየር መንገድ ዘንድ በነፃ የሚገባው ከመቀመጫ ሥር የሚሸጎጥ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ለከፈለ ግን 10 ኪሎ ሻንጣ እዚያው ካቢን ይገባለታል። ዩሮ የራስ ቁር መሆኑን ከዚህ ተማርን።

ስለዚህ የአየር ማረፊያው የብረት ሻንጣ መለኪያ ሳጥን እንጦጦ ማርያም በር ላይም ይቁም። የጭራሮው እስር እንደማይገባ የታወቀ ነው፤ ተሸካሚዋ ግን ሁለት ፍልጥ መዝዛ ብብቷ ሥር ከያዘች፣ ቅጠሉንም እንደ ጋቢ ከደረበችው ትለፍ።